በሽንኩርቱ በኩል

«ጋምብልም ጋምቢትም ያው ቁማር ነው» አለ ታሂር።

«አይደሉም» አለች ታናሽ እህቱ ራዊያ። የነገው የእንግሊዝኛ ፈተና አስጨንቋት ማሳው ዳር ተቀምጣ ስታጠና ነው የዋለችው። «ቲቸር አማኑኤል እንዳስረዳን፣ ጋምብል ዝም ብሎ ዕድልን መሞከር ነው። ጋምቢት ግን የምታጣውን ራስህ መርጠህ ትሰጣለህ፤ ለምን እንደሰጠህም ታውቃለህ።»

«አቦ አታካብጂ!»

ራዊያ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ከቆቦ በስተምዕራብ ያለውን ተራራ ጥቁር ደመና ውጦታል። እነሱ ጋ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ነፋሱም ቆሟል። ያስፈራት ይኸው ጸጥታ ነው። በራያ ቆላ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ቆላው ፀሐይ እያለ እንኳ ይደርሳል።

የታሂር ስልክ ጮኸ። ከላይ የሚያርሱት ጎረቤታቸው ጋሽ ጌታሁን ናቸው። «ልጆች፣ ወንዙ ሞልቶ እየወረደ ነው። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» ብለው ዘጉት።

አባታቸው ጠዋት ወደ ዋጃ ሲሄድ፣ ጎርፉን ከወንዝ ወደ ማሳ የሚያስገባውን ቦይ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ «ማሽላው ይጠጣበት፤ እንዳትነኩት» ብሏቸዋል። ጎርፉ በልኩ ከመጣ እሰየው ነው። ከልኩ ካለፈ ግን ቡቃያውን ከነአፈሩ ጠርጎት ይሄዳል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ደግሞ እሱን ነው። አሁን አፉን ለመዝጋት ወንዙ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ከገቡ ደግሞ ጎርፉ ይወስዳቸዋል።

ራዊያ ስልኩን ተቀብላ አባቷ ጋ ደወለች። አያነሳም።

«ኢንሻ አላህ ያን ያህል አይሆንም» አለ ታሂር።

«ቢሆንስ?»



ከቦዩ ሥር ያለችው መደብ የራዊያ ናት። ሽንኩርቷን በጀሪካን ውሃ እያመላለሰች ነው ያሳደገችው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልትነቅለው ነበር። ቦዩ እዚያ ጋ ጎኑ ቢቀደድ፣ ትርፉ ውሃ በሽንኩርቱ ላይ አልፎ ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ከላይ በኩል፣ ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና የመሰለ ድምፅ ተሰማ።

«አካፋውን አቀብለኝ» አለች።

«ትንሽ ሽንኩርት እንኳ እንንቀል።»

«አንደርስም።»

እየተቀባበሉ ቆፈሩ። የቦዩ ጎን ተቀዶ ሳያልቅ ጭቃማው ውሃ ግንድ እያንከባለለ ደረሰ፤ ከፊሉ በቀዳዳው ወጥቶ ሽንኩርቱ ላይ ፈሰሰ። የቀረው ወደ ማሽላው ሄደ። መጠኑ ልክ ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም፤ ከላይ ያለው ድምፅም እየጨመረ ነው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ታሂር ቁጥሩን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «አባባ ነው። ምን ልበለው?»

ራዊያ ጭቃ የለበሰ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አምጣው፤ እኔ እነግረዋለሁ።»