የቅዳሜ ምርመራ

መኪና የሸጠ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ «በደስታ ያሽከርክሩት» ብሎ ይሄዳል፤ ዞር ብሎም አያይም። አንድ አናጺ ግን መኪናውን ሸጦ ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ ቆመ። መኪናውን የገዛችው የእንስሳት ሐኪም እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች፣ እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለ በመጨረሻ። «አሮጌ መኪና እጅ ሲቀይር ጠባዩም ይቀየራል። የመጀመሪያውን ወር በየቅዳሜው እየመጣሁ ልየው።»

«ለምን?»

መቼም ይቺ ልጅ «ለምን» ሳትል የዋለችበት ቀን የለም። በሕፃንነቷ የግድግዳ ሰዓቱን ፈታትታ መልሳ መግጠም ካቃታት ጀምሮ እናቷ «ለምንዬ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ለሥራዋ ግን ጠቅሟታል፤ ላምና ፍየል የት እንዳመማቸው ስለማይናገሩ የማይሰለች ጠያቂ ይፈልጋሉ።

«ከተበላሸ የሚነሣው የኔ ስም ነው» አለ አናጺው፤ ቁልፉንም ሰጣት።

መኪናውን የሸጠው ጠልቶት አልነበረም። ጣውላና በር ጣሪያው ላይ እያሰረ መመላለሱ ቢሰለቸው፣ እሱም በተራው አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ነው። እሷ ደግሞ በእግሯ ከከብት አርቢ ደጅ ከብት አርቢ ደጅ መዞሩ ቢያቅታት ነው የገዛችው።

እናቷ ይህን የቅዳሜ ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። የሸጠውን ዕቃ እየተከተለ የሚመጣ ሰው የደበቀው ነገር አለ ባይ ናቸው። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ብለውም ተረቱባት። ልጅቱ ግን የያዛት ሌላ ጉድ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መኪናውን ስትመረምር ሰነበተች፣ የምትመረምረው ግን የቀድሞ ባለቤቱን ነበር። ከመቀመጫው ሥር የእንጨት ፍቅፋቂ አገኘች፤ ልትጠርገው ጨርቅ ካመጣች በኋላ ተወችው። ከሾፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ ወደ ኋላ ልትስበው ብትሞክር አልነቃነቅ አለ። ማንም ተቀምጦበት አያውቅም፣ እንግዲያው ሰውየው ብቻውን ነው ስትል ደመደመች። ለምን ደስ እንዳላት ራሷን አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሞተሩን ሳታስነሣ እንድትቆይ ለመናትና የዕቃ ሳጥኑን አስቀምጦ፣ መጀመሪያ መኪናው ያደረበትን መሬት ልይ ብሎ በሆዱ ተኛ። ሐኪሟ ግራ ገባት። ትንሽ ቆይታ ግን ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ተንበረከከች። ዘይት የሚያፈስ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ መኪናን ያደረበት መሬት ያሳጣዋል አላት። መሬቱ ደረቅ ነበር። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘ፤ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ነከረው፣ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። የፍሬን ዘይቱን አየ፤ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ላልቶ እንደሆነ በአውራ ጣቱ ተጫነው። እሷ ለእያንዳንዱ «ለምን?» ትላለች፣ እሱም ለእያንዳንዱ ይመልሳል። ዝምተኛ የመሰላት ሰው ለካ የሚጠይቀው አጥቶ ነው።

መኪናው ምንም ሳይሆን ይህን ያህል መድከሙ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው ጨርቁን እያጠፈ መለሰላት።

«ከተበላሸ በኋላማ ማንም ያየዋል» አለ። «ደህና ሳለ ነው ማየት።»

እሷ ከብቶቻችሁን ሳይታመሙ አስከትቡ እያለች ስትለፈልፍ የምትለው ይህንኑ ነበርና ሳቀች። እሱም ለምን እንደሳቀች ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ሲስቅ ያምርበታል። ይህንንም በልቧ መዘገበችው።

በሁለተኛው ቅዳሜ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» መጣ። በሦስተኛው እናትየው በገዛ እጃቸው ሻይ ይዘው ወጡ፤ ጥርጣሬያቸው እንዳለ ነው፣ ሻዩ ለጨዋነት ነው። ያን ቀን መለኪያውን የመዘዘችው ሐኪሟ ስትሆን፣ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ይመለከታታል። አንድ ዙር ነድታው ከተመለሰች በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ልትከፍት ስትል ግን እጇን ለቀም አደረገው።

«ትኩስ ሳለ አይነካም። ፊትሽ ላይ ነው የሚፈነዳው።»

እጇን አልለቀቀም። እሷም አላስለቀቀችም። ሁለቱም ክዳኑን ያያሉ፤ እናንተዬ፣ ያ ክዳን በዕድሜው እንዲያ ያፈጠጠበት ሰው አላየም። እናትየው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ሻዩ እየቀዘቀዘ መሆኑን አሳሰቡ።

በአራተኛው ቅዳሜ ኮፈኑን ዘግቶ እጁን ጠራረገ። መኪናው እንደለመዳት፣ ከእንግዲህ እሱ እንደማያስፈልግ ነገራት። የዕቃ ሳጥኑን አንሥቶም ትንሽ ቆመ፤ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ለምንዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቅ አቃታት። «አመሰግናለሁ» ብቻ ብላ ሸኘችው። ከዚያ ራሷን ስትረግም ዋለች።

ልብ ሲወድ አእምሮ ሥራ ይፈታል። የተማረች፣ በሰው ፊት የተከበረች ሐኪም በማግስቱ ካቻቢቴ ይዛ ጎማ ሥር ተንበረከከች። የፊተኛውን ቀኝ ጎማ የሚያብረቀርቅ ክዳን ፈልቅቃ፣ ሁለት ትንንሽ የብሎን ዳዶ ጨመረችበትና መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ደወለችለት። ቀስ ስል ቋ ቋ ይላል፣ ስፈጥን ይጠፋል አለችው፤ ይሄ እንኳ እውነት ነው።

ሳይውል ሳያድር መጣ። እሷ ቀስ ብላ ትነዳለች፣ እሱ ጆሮውን አዘንብሎ ከጎን ከጎን ይራመዳል። ኮፈኑን ከፈተ፣ ከሥር ገባ፣ መሪውን ወዘወዘ። የሚያብረቀርቅ ክዳን ማን ይጠረጥራል? እሷ ሳቋን አፍና፣ ካላገኘኸው ቅዳሜ ተመልሰህ ታየዋለህ ልትለው ተዘጋጅታ ነበር። ቀና ሲል ግን ፊቱ አመድ መስሏል። መካኒክ ወዳጁ ዘንድ ደወለ፤ መካኒኩም ሳያይ፣ በወሬ ብቻ፣ መሪውንና ጎማውን የሚያገናኘው ብረት ተበልቶ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ከተላቀቀ ሰው ይጨርሳል አለው።

«እንዳትነጂው» አላት። «እለምንሻለሁ፣ እኔ እስክመለስ ከግቢ እንዳይወጣ።»

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን የፈራው ለእሷ መሆኑ ሲገባት ደስታው አፏን ያዘው። ደስታ እንዲህ ክፉ ያደርጋል።

ረቡዕ ከሰዓት የዕቃ ሳጥኑን ሳይዝ መጣ። እናትየው ባሉበት ሳሎን ተቀምጦ፣ ቁልፉን ስጪኝ አላት፤ መኪናውን ወስዶ ገንዘቧን ሊመልስላት ነው። ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ስትጠይቀው፣ ፒክአፑ ገዢ እንዳገኘ፣ ቀብድ እንደተቀበለበት፣ በማግስቱ ጠዋት እንደሚያስረክብ ነገራት። ለትምህርት ቤት ሊሠራ የተዋዋለው የወንበር ሥራስ? ጣውላውን በምን አጓጉዞ ያደርሰዋል፣ ይቀራላ። ያን ሥራ ለማግኘት ስንት ወር እንደለፋ በየቅዳሜው ሲያወራላት ነበር።

«አውቄ ባላደርገውም የሸጥኩልሽ እኔ ነኝ» አለ። «ቢጠገንም ከእንግዲህ አላምነውም። አንቺ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ እንዴት ብዬ እኖራለሁ?»

የእናትየው ዓይን እንባ አቀረረ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠረጠሩት ሰው ይሄ ነው። ልጃቸው ግን ተነሥታ ወጣች፤ ሁለቱም ተከተሏት። ጎማው ሥር ተንበርክካ ክዳኑን ፈለቀቀችው። ዳዶዎቹ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ።

አናጺው ዳዶዎቹን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንድትመጣ» አለች። «ስለምወድህ። ሌላ የምጠራህበት ምክንያት አጣሁ።»

ይህ ቃል ቅዳሜ ዕለት ቢነገር ኖሮ ስንት ነገር ባዳነ። አሁን ግን አናጺው ጎንበስ ብሎ ዳዶዎቹን ለቀመና በመዳፉ አገላበጣቸው።

«እኔ እኮ ሰው ልገድል ነበር ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለ በዝግታ።

ዳዶዎቹን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በሩን እንኳ አላላተመውም፤ ቢያላትመው ይሻላት ነበር። እናቷም አልጮኹባትም። ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አናጺው ወርክሾፕ በረረች። በሩ ተቆልፏል፣ ፒክአፑ የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው። ተሸጠ ማለት ነው። ደወለች፤ አላነሣም። እንደገና ደወለች። ለራሷ ናፍቆት ስትል የሰው መተዳደሪያ አጠፋች፤ ይህን ለራሷ አልሸሸገችም። ያን ቀን ያከመችው ጥጃ እንኳ ዓይን ዓይኗን ሲያያት የሚወቅሳት መሰላት። ይቅርታ ለማለት በየቀኑ ወርክሾፑ ደጅ ብትመላለስም በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቅዳሜም መጣ፣ አለፈ። መኪናውን ብቻዋን መረመረችው፤ ያደረበትን መሬት ሳይቀር አየች። ደረቅ ነበር። እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች።

ማክሰኞ ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። እናትየው ከፈቱ። አናጺው ነው፤ ከኋላው ያ ፒክአፕ ለትምህርት ቤቱ ወንበር የሚሆን ጣውላ ጢም ብሎ ተጭኖበት ቆሟል። ሐሙስ ጠዋት የወርክሾፑ በር ተቆልፎ የነበረው ለገዢው ቀብዱን ሊመልስ ሄዶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሥራው እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ሆኖ ጣውላ ሲያጓጉዝና ሲገጥም ሰነበተ። የልጅቱን ስልክ ያላነሣው ግን ሥራ በዝቶበት አልነበረም፣ ተናዶ ነው።

ለምንዬ ድምፁን ሰምታ ከመኝታ ቤቷ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አዳመጠች።

እናትየው እጁን አዩት፤ የዕቃ ሳጥን አልያዘም። ቅዳሜም አይደለም። ግራ ገባቸውና፣ ደግሞ አሁን መኪናው ምን ሆነ ብለው ጠየቁት።

«መኪናው ደህና ነው፣ እማማ» አለ። «የመጣሁት ልጅዎን ለማየት ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም። ግን ሳላያት መዋል አቃተኝ።»

እናትየው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት።