ከምሳ በፊት ያለቀው ስሌት

የሂሳብ መምህሩ ዶክተር አገኘሁ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከኮሌጁ ጓሮ፣ ጣና ዳር፣ ደንገሉ መሃል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኘው ዓሣ አጥማጁ አብዱልሃኪም ነው። መረብ ሊያነሳ መጥቶ ሬሳ አነሳ፤ ለፖሊስ ደወለ፤ ፖሊስም መጥቶ እሱኑ አሰረው። ሟቹ የተመታው ከኋላ ነው፤ ቁስሉም ከአብዱልሃኪም መቅዘፊያ ጠርዝ ጋር ልክክ አለ።

ኢንስፔክተር የብርጓል በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ የሚያለቅስ አልነበረም። የኮሌጁ ሰው ሁሉ ስብሰባ የተራዘመበት ይመስል ነበር። መቅዘፊያውን አንስታ አሸተተችው።

«ጋሽ አብዱልሃኪም፣ ይኼን በሳሙና ያጥቡታል?»

«ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ለሚውል እንጨት ሳሙና? እኔ ራሴም ሁልጊዜ አላገኝ።»

«የት ነበር የተዉት?»

«ታንኳዬ ላይ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ የኮሌጁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።»

«ገበያ ላይ ያየዎት አለ?»

«ትናንት ሁሉም አየኝ። ዛሬ ማንም አላየኝም።»

የብርጓል የመምህራኑ ፎቅ ላይ ወጥታ በመታጠቢያው ሳሙና እጇን ታጠበች፤ ከዚያ እጇን አሸተተች። ያው የመቅዘፊያው የሎሚ ሽታ ነው። ትናንት ቅዳሜ በመሆኑ ፎቁ ላይ የዋሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሟቹ ባልደረባ ዶክተር ይትባረክና የሁለቱም የዶክትሬት ተማሪ ሊድያ።

ሊድያ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የቅዳሜ ተማሪዎችን ስታስተምር ነበር። «ክፍል ሙሉ ምስክር አለኝ» አለች። «ግማሾቹ ግን ተኝተው ነበር።»

ይትባረክ ደግሞ ከማሽኑ ጋር ነበር።

«ከጠዋት እስከ ምሽት ስሌት ላይ ነበርሁ። አገኘሁ ያመጣውን ምሳሌ እያስኬድሁ።»

«ጭራሽ አልተነሱም?»

«ስሌት እየሄደ አይነሡም። መብራት ቢሄድስ?»

መብራቱ ማታ ሄዷል። የማሽኑም ሥራ አብሮ ጠፍቷል፤ ስሌቱ መቼ እንዳለቀ የሚያሳይ አልቀረም። የብርጓል አመስግናው ወጣችና ሊድያን ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«እኔ ሂሳብ የተውኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። ምን ነበር የሚሰላው?»

ሊድያ ወረቀት ጠቅልላ ለውዝ እንደሚሸጥበት አሾለችው። «ሾጣጣ ማለት ይኼ ነው። መልሱ ከዚህ ሳይወጣ ምርጡን ነጥብ እንፈልጋለን። የኒውተን ዘዴ ይገምታል፣ ያርማል፣ ይገምታል። መልሱ አጠገብ ሲደርስ በየእርማቱ የትክክለኛ አሃዞች ብዛት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ከነበረ አራት፣ ከዚያ ስምንት።»

«ሁልጊዜ?»

«ዶክተር ይትባረክ ‹ሁልጊዜ› ነው የሚሉት። ጽሑፋቸው እሱው ነው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት። በሚቀጥለው ሳምንት ጉባኤ ላይ ይቀርባል።»

«ዶክተር አገኘሁስ?»

«መልሱ እዚህ ከወደቀ» አለች፣ የወረቀቱን ሹል ጫፍ ነክታ፣ «ዘዴው በዝግታ ይሳባል ይሉ ነበር። ስህተቱ በየእርማቱ በግማሽ ብቻ ይቀንሳል። ለዚያ ነው ምሳሌውን የሠሩት። ትልቅ ስለሆነ አንዱ እርማት ራሱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።»

«ከጠዋት ቢጀመር፣ ዶክተር ይትባረክ ልክ ከሆኑ መቼ ያልቃል?»

«ከምሳ በፊት።»

ዶክተር አገኘሁ ቅዳሜ ምሳውን ካፌ በልቶ፣ አስተናጋጁን ተሰናብቶ ነው የወጣው። ስለዚህ የተገደለው ከምሳ በኋላ መሆኑን የብርጓል ታውቃለች። «ምሳሌውን እንደገና አስጀምሪልኝ» አለች።

አመሻሽ ላይ ሁሉንም ማሽኑ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አብዱልሃኪም ከነካቴናው ተቀመጠ። ስክሪኑ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

«የገደለው መቅዘፊያውን አጥቧል» አለች። «ጋሽ አብዱልሃኪም ቢሆኑ ሐይቁ አጠገባቸው ነው፤ ሎሚ የሚሸት ሳሙና ፍለጋ ፎቅ አይወጡም። አለቃዬ ግን ሳሙና ማስረጃ አይሆንም ብሎኛል፤ ነገ ክስ ይመሠረትባቸዋል። ሊድያ ክፍል ውስጥ ነበረች። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።»

«እኔ ስሌት ላይ ነበርሁ አልኩዎት እኮ።»

«ብለውኛል። ጽሑፍዎ እውነት ከሆነ ስሌቱ ከምሳ በፊት አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደነበሩ አላውቅም። እስከ ምሽት ከተሳበ ደግሞ ዶክተር አገኘሁ ልክ ነበሩ። ጽሑፉ ይቀራል፤ እርስዎ ግን ቤትዎ ይገባሉ። የቱን ልመዝግብ?»

ይትባረክ ፖሊሷን አላየም። ሊድያን ነበር የሚያየው። እሷ ደግሞ ጫማዋን።

«ዘዴው ሁልጊዜ ፈጣን ነው» አለ።

«ስለዚህ?»

«ከምሳ በፊት አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ሐይቁ ወረድሁ። አገኘሁ ቆሞ ውሃ ያያል። ‹ሰኞ ለጉባኤው እጽፋለሁ፣ ጽሑፍህ ይነሣ ብዬ› አለኝ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።» የአየር ጠባይ እንደሚያነብ ሰው ነው የተናገረው። «ሊድያ፣ ጽሑፉ ግን ይቀርባል አይደል?»

ሊድያ ተነሥታ ስክሪኑን አዞረችው። ቁጥሩ በግማሽ ቀነሰ። ቆየ። እንደገና በግማሽ ቀነሰ።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች። «አላለቀም፣ ዶክተር።»

ይትባረክ አልደነገጠም። ትናንትም እንዲሁ ሲሳብ ትቶት ነው የወረደው። ሰዓት እንደሚያስር ሰው እጁን ዘረጋ፤ ፖሊሶቹ ወሰዱት። ሊድያ ማሽኑን አላጠፋችም።

አብዱልሃኪም ይትባረክ ወደወጣበት በር ዞረ።

«ልጄ፣ ሰውዬው ‹ሲሳብ ዋለ› ብሎ ቢቀር ኖሮስ? ውሸት እኮ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ነበሩ የሚሄዱት» አለችው፣ የካቴናውን ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እየፈለገች።