አያ ስመኘው ካሜራዋን የነኳት ዕለት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ሞጣ ተወልጄ ሳድግ ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ ምናምን ያልሰማሁት የለም፣ አንዱንም ግን አምኜ አላውቅም፣ ግጥም የምሞነጫጭር ሰው ብሆንም ግጥሜ ውስጥ እንኳ መንፈስ አላስገባም፣ ጓደኞቼ "አንተ እኮ ድርቅ ያልክ ነህ" ይሉኛል። ስለዚህ ይህን የማወራህ ላስደንቅህ ብዬ እንዳይመስልህ፣ ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ቢቸና ነው፣ ጤፍ አበጥሮ፣ በጆንያ አሽጎ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አንድ መጋዘን ውስጥ። ገዢዎቹ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ጆንያ ባርኮድ ተለጥፎበት፣ ባርኮዱም በካሜራ ተነብቦ ካልመጣ አንቀበልም ብለው ነበር፣ እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ሽቦና ካሜራ መነካካት ስለለመድኩ፣ አብራኝ የተማረችው ብርቄ፣ የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ፣ "ና ግጠምልን" ብላ ከሞጣ አስጠራችኝ።

ካሜራዋ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ብረት ናት። ጆንያው በሚንቀሳቀሰው ላስቲክ ላይ ተጭኖ በፊቷ ሲያልፍ ባርኮዱን ፎቶ ታነሳለች፣ ካነበበችው አረንጓዴ አብርታ "ጢጥ" ትላለች፣ ካልቻለች ቀይ ታበራለች፣ ሌላ ጣጣ የላትም።

ጣጣው፣ የምትተከልበት ቦታ ላይ ሰው ነበረ። አያ ስመኘው ይባላሉ። መጋዘኑ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ የላስቲኩ ጫፍ ላይ ቆመው በሚያልፈው ጆንያ ሁሉ ላይ ቀኝ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ ስፌቱ የላላ ወይም እርጥበት ያለው ከሆነ ወደ ጎን ይገፉታል፣ ደህና ከሆነ "እለፍ" ይሉታል። አያ ያልነኩትን ጆንያ ጫኞቹ በትከሻቸው አያነሱም፣ በቃ ልማዳቸው ነው፣ ብትለምናቸውም አያነሱም። ካሜራዋ ከሠራች ብርቄ አያን እንደምታሰናብታቸው ሁሉም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

"አንተ፣ ይችን ጉድ የምትተክላት እኔ እግር ላይ ነው?" አሉኝ መያዣ ብረቷን ሳስር።

"ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ አያ።"

"ፈቀቅ እላለሁ፣ ፈቀቅ ማለትማ የት ይቀርልኛል።"

ደሳለኝ የሚባለው ጫኝ ከኋላ ሆኖ "አያ፣ እሷ እኮ እንደ እርስዎ ስትቆም ስትቀመጥ ቆሎ አትቆረጥምም!" አለ።

"አንተንስ ተክታ ትሸከም እንደሆነ ጠይቃታ፣ ያኔ ማን እንደሚስቅ እናያለን" አሉት፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ካሜራዋን ማስተማር የሚባል ነገር አለ፣ አንድ ጆንያ ፊቷ ታቆምና ቁልፏን ተጭነህ ትይዛለህ፣ "የምታነቢው ይህን ነው" እንደማለት። እኔ ቁልፉን ስጫን አያ ለምዶባቸው መዳፋቸውን ጆንያው ላይ አሳርፈው ነበር፣ ባርኮዱን እስካልሸፈኑት ምን ቸገረኝ ብዬ ዝም አልኩ። ጢጥ አለች።

አያን ራቅ አድርጌ ላስቲኩን ሳስነሳው ግን ቀይ። ቀጣዩም ቀይ። መስታወቷን ጠረግኩ፣ አንገቷን አዘነበልኩ፣ መብራቷን ጨመርኩ፣ ቀይ። ከመዳፋቸው ጋር አስተምሬያት ይሆናል ብዬ የተማረችውን ሁሉ አጥፍቼ ያለ ማንም እጅ እንደ አዲስ አስተማርኳት፣ አሁንም ቀይ። ይኼኔ አንድ ጆንያ ተንጋዶ ሊወድቅ ሲል አያ ዘለው ደገፉት፣ "እለፍ" አሉ፣ ጢጥ። የሚቀጥለውን ነኩት፣ ጢጥ።

"ጆንያው ተጨማዶ ነው፣ መዳፋቸው ይዘረጋዋል" አልኩ፣ እመነኝ፣ ከልቤ ነው ያልኩት። የራሴን መዳፍ አሳረፍኩ፣ ቀይ። ደሳለኝ አሳረፈ፣ ቀይ። አያ ባርኮዱ በሌለበት በጀርባው በኩል፣ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነካ አደረጉት፣ ጢጥ። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

"አያ አብረዋት ይቁሙ በቃ" አልኳት ብርቄን።

"የገዢዎቹ ሰው ማምሻውን ይመጣል፣ የሰው እጅ ሳይገባበት ካላየ ከሌላ መጋዘን ነው የሚገዙት፣ እኔ ይህን ሁሉ ሠራተኛ ምን ልበለው?" አለች፣ ድምጿ ሊሰበር ደርሶ ነበር። አያ ሰምተዋታል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀምሯል።

እኔ ነቅዬ እንደገና ልሞክራት የኤሌክትሪክ ገመዷን ከሶኬቱ ነቅዬ ይዤዋለሁ፣ በእጄ ነው፣ ይህን ልብ በልልኝ። አያ መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ቀረቡ።

"ትሞቃለች እንዴ ልጄ?"

"ስትሠራ ትንሽ ትሞቃለች።"

መዳፋቸውን ሙሉውን አሳረፉባት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው "እለፍ" አሉ፣ ለማን እንዳሉት እንጃ፣ ላስቲኩ ላይ ጆንያ የለም። ካሜራዋ ጢጥ ብላ አረንጓዴ አበራች። ገመዷን አየሁት፣ እጄ ላይ ነው።

አያ ዱላቸውን በግራ እጃቸው አንስተው ወደ ዝናቡ ወጡ። በግራ መሆኑን ያኔ አይቻለሁ፣ ግን ገመዱን መልሼ ለመሰካት ቸኩዬ ነበር፣ ደሳለኝ "አያ፣ ጋቢዎን ይከናነቡ እንጂ!" ብሎ ሲጮህም ቀና አላልኩም።

የገዢዎቹ ሰው ሲመጣ ሁሉም ጆንያ አረንጓዴ ሆኖ አለፈ፣ ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። ጫኞቹ ግን ከጆንያው ራቅ ብለው ቆሙ፣ አያ ያልነኩትን አያነሱማ። ብርቄ ልትለምናቸው አፏን ስትከፍት ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ አንዱን አየና "ተነክቷል" አለ። ቀረብኩ። በካሜራዋ ፊት ባለፈው ጆንያ ሁሉ ላይ፣ በጤፍ ብናኙ መሐል፣ የአንድ ቀኝ መዳፍ ቅርጽ ንጹሕ ሆኖ ታትሟል። ጫኞቹ ተሸክመው ጫኑት።

ካሜራዋ እስከ ዛሬ ስታ አታውቅም፣ ብርቄ እየደወለች ታመሰግነኛለች፣ በደወለች ቁጥር ምነው ቢቸና ባልሄድኩ እላለሁ።

አያን በኋላ ሞጣ አገኘኋቸው፣ ልጃቸው ቤት ገብተዋል፣ ሐሙስ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ፀሐይ ሲሞቁ። እጄን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ሊጥ ወይም ጭቃ የነካው ሰው እንደሚያደርገው ጣታቸውን አጥፈው የቀኝ እጃቸውን አንጓ ሰጡኝ። እጃቸው ንጹሕ ነበር።

"እጅዎ ምን ሆነ አያ?"

"ምንም። ሥራ ላይ ነው።"

እንዲህ ሲሉ አልቀለዱም፣ አልተቆጡብኝምም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "መጋዘኑ እሑድ ዝግ ነው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ፣ ዝግ ነው።"

"አዎ፣ እሑድ እሑድ ይመጣልኛል" አሉ ጣታቸውን እያዩ።

አንድ እሑድ ሄጄ ልጨብጣቸው አስባለሁ። እስካሁን አልሄድኩም።