የማቃጠያው ሽቦ

«የመብራቱ ሥራ ነው!» አሉ መምህር ካሤ፣ ጭንቅላታቸውን ከኤሌክትሪኩ የሸክላ ማቃጠያ ምድጃ ሳያወጡ። «የሰቆጣ መብራት አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይወርዳል። ይኸው ሽቦውን በላው።»

ዓይናዲስ ባትሪ ታበራላቸዋለች። ጥፋቱ የመብራቱ አለመሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ትናንት መምህሩ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ድስት የሚቃጠልበትን ምድጃ የከፈተችው እሷ ናት። እናቷ አልጣሽ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ሜዳ ላይ በኩበት ስታቃጥል ድስቱን ፍም እንደመሰለ በቆልማማ እንጨት ስባ ታወጣና በቅጠል ትለቀልቀዋለች፤ የሚጠቁረው እንደዚያ ነው። በኤሌክትሪክ የተቃጠለውስ ይጠቁር ይሆን? ማየት አማራትና እንጨቷን ሰደደች። እንጨቱ ግን ድስቱን ስቶ ግድግዳው ላይ የተጠማዘዘውን ሽቦ ያዘ። የጋለው ሽቦ እንደ ሊጥ ተሳበ። እንጨት መሆኑ በጃት እንጂ ብረት ቢሆን ኮረንቲው አይለቃትም ነበር። ደንግጣ ማብሪያውን አጠፋች። ጠዋት ማልዳ መጥታ ወደ ቦታው ልትመልሰው በጣቷ ገፋ ብታደርገው ቀጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ አንድ፣ ጥያቄው ሌላ ሆነባት። ትናንት የተሳበ ሽቦ ዛሬ ለምን ተሰበረ? ለመጠየቅ አፏን በላት። ከጠየቀች ደግሞ አለቀላት፤ ምድጃውን ያለ ፈቃድ የነካ ተማሪ ከወርክሾፑ እንደሚባረር በሩ ላይ ተለጥፏል።

መምህር ካሤ እጃቸውን አራገፉ። «ያለን መለዋወጫ ሽቦ አንድ ነው። ብተክለው ነገም ያው ነው። ምድጃውን ለላኩልን ሰዎች ብንመልስላቸው ይሻላል» ብለው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ።

«ተገላገልን!» አለ ጭቃ ማቡካት የማይወደው የክፍሏ ልጅ ደግሰው። «ቲቸር፣ በቃ ወደ እንጨት ሥራ እንዛወራ!»

ዓይናዲስ እስክሪብቶውን እያየች ነበር። መምህሩ ቀኑን ጻፉ። «ጉዳዩ» ብለው ከሥሩ አሰመሩ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች። «ሽቦው ሲግል እንደ ሊጥ እየተሳበ ሲቀዘቅዝ ለምን ይሰበራል?»

«አንዴ በደንብ ከጋለ በኋላ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ላጥፈው ካልሽ መልሰሽ ማጋል ነው» አሉና እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩዋት። «መሳቡን አንቺ በምን አወቅሽ?»

ደግሰው ክንዷን ቆነጠጣት፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። «እንዲሁ ገምቼ ነው» ብትል ይበቃ ነበር።

«መብራቱ ምንም አላደረገ፣ ቲቸር» አለች። «እኔ ነኝ በእንጨት የሳብኩት። አዲሱን ይትከሉት፤ አይቃጠልም።»