በደፈንነው መስኮት የወጣው ሞራ

እኔ በመንፈስም በጥንቆላም የማላምን፣ ሰው «ሰይጣን አየሁ» ሲለኝ «ምን ጠጥተህ ነበር?» ብዬ የማሾፍ ሰው ነኝ፤ ይቺን ግን በገዛ እጄ ነክቻታለሁ፣ እጄም እስካሁን ይሸታል።

ሥራዬ የድሮ ግንብ ጥገና ነው። ቤቴ ጎንደር አራዳ ቢሆንም፣ ያን ሰሞን ከእንፍራንዝ ወደ ጣና ዝቅ ብሎ ያለ፣ ለታንኳ ቀዛፊዎች መብራት የሚበራበት አንድ አሮጌ ግንብ እንድንጠግን ተላክን። ውስጡን ባያችሁት! የሌሊት ወፍ ኩስ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ መንገደኛው ሁሉ የሸናበት ጥግ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወደ ሐይቁ የሚያየው የመብራቱ መስኮት፤ ስንት ዘመን ሞራ ሲነድበት ኖሮ ድንጋዩ ራሱ ሞራ ጠጥቷል፣ ሲነኩት ይለጠፋል፣ ይገማል። ኖራ ብንመርግበት እየተንሸራተተ ይወርዳል። አንገሸገሸኝና በጠዋቱ በድንጋይና በሲሚንቶ ድፍን አስደረግሁት።

አመሻሽ ላይ ከካፊያ ጋር ጉም ወረደ። መብራቱን የሚያበሩት አዛውንት፣ አያ ገብሬ፣ ሞራ የሞላ ገል ይዘው መጡና ክው አሉ።

«ምነው፣ የግንቡን ዓይን ደፈናችሁት? ልጄ እኮ ሐይቅ ላይ ነው! ምን አይቶ ይመለስ?»

«አያ፣ ስልክ አለው አይደል? እስቲ ይደውሉለት» አልኋቸው።

ስልኩ ዝግ ነው። ውጭ እንዳናነድ እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ፣ መዶሻ ይዤ ወደ መስኮቱ ወጣሁ።

እመኑኝ፣ መዶሻውን ሳላሳርፍ ከግድግዳው ውስጥ ቸስ... ቸስ... የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ልክ መጥበሻ ላይ ስብ ሲቀልጥ እንደሚለው። ከድንጋዩ ስንጥቅ ቢጫ ሞራ ይንጠባጠብ ጀመር። እጄን ሰደድሁ፤ ትኩስ ነው! ከነግማቱ መዳፌ ላይ ተዝለገለገ፣ እዚያው አስመለሰኝ።

ጥቂት ቆይቶ፣ መስኮቱን ገና ሳንከፍት፣ ልጅየው ከሐይቁ በጤናው መጣ።

«አባየ፣ ምነው ዛሬ መብራቱን እንዲህ አደመቃችሁት? ዓይኔን ሊያወጣው!»

ተያየን። አያ ገብሬ የሚንጠባጠበውን ሞራ በጣታቸው ጠርገው የልጃቸውን ግንባር ቀቡት፤ እኔ ዞር ብዬ ደግሞ አስመለሰኝ። በማግስቱ መስኮቱን ስናፈርሰው ውስጡ ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እጄን ያልታጠብሁበት ነገር የለም፤ በሎሚ፣ በአመድ፣ በበረኪና። ሚስቴ ጉርሻዬን አትቀበልም፣ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ትናንት አመሻሽ ጎንደር ላይ ጉም ወረደ። እራት ላይ ነበርን፣ ጉርሻ ጠቅልዬ ሳልዘረጋ መዳፌ ሞቀኝ፣ በጣቶቼ መሃል ቢጫ ነገር ወረደ። ሚስቴ ከመሶቡ ተነሥታ ሄደች። እኔ ያን እጄን ይዤ በመስኮት ወደ ጉሙ ሳይ አመሸሁ፤ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ አላውቅም።