ምክንያቱ ያልተጻፈ የልብ ምት

ልብስ ሰፊዋ ለልብ ክትትል በሄደች ቁጥር የሚያስጨንቃት ወረፋው አልነበረም፤ ነርሱ እጇን ሲይዝ ፊቷ ምስጢሯን እንዳያወጣባት ነበር።

በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ልቧ ድረስ ዘልቆ አንዱን የልቧን በር ስላበላሸባት፣ መድኃኒት እየዋጠች፣ በየጊዜው እየተመረመረች ነው ያደገችው። ያም ሆኖ ምላሷ እንደ መቀሷ የሰላ ነው።

ነርሱ ደግሞ ቁጥብ ሰው ነው። ማሽን እያለ እንኳ በእጁ ካልቆጠረ አያምንም። ሁለት ጣቱን አንጓዋ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሎ ይቆጥርና ያገኘውን መዝገቧ ላይ ያሰፍራል። ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉታል።

«ደረጃ ስትወጪ ያደክምሻል?»

«ደረጃውስ ምንም አይለኝ። ወሬ የማያውቅ ሰው ነው የሚያደክመኝ።»

«ይኼ አይጻፍም» አለ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

እንዲህ እያሉ ወራት ሄዱ። ከአፍ የወጣ ነገር የለም። እሷ ለቀጠሮዋ ቀሚስ ስትመርጥ ታረፍዳለች፤ እሱ በዚያ ቀን ጸጉሩን ሁለቴ ያበጥራል። መዝገቡ ላይ ያለው የልብ ምት ግን በየቀጠሮው ሽቅብ ወጣ።

ሐኪሟ ቁጥሮቹን አይታ ፊቷን አኮሳተረች። መድኃኒት ጨመረችላት፤ ሥራም አቁሚ አለቻት። እናቷ ይህን ሲሰሙ ማን ይቻላቸው! የስፌት መኪናውን በአንሶላ ሸፍነው ፊቷ ቆሙ።

«ከእንግዲህ ሥራም፣ ባልም፣ ልጅም የሚባል ነገር እንዳልሰማ! ያ ልብሽ አይችልም።»

የተጨመረው መድኃኒት ብድግ ስትል ያዞራት ጀመር። ሥራ ፈትታ በተጋደመችበት፣ እሱ እንደሚያደርገው ጣቷን አንጓዋ ላይ አሳርፋ ቆጠረች። በማግሥቱም ቆጠረች። ልቧ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ለካ ድሮም ነርሱ ከሚቆጥርበት ክፍል ውጪ አልሮጠም! ነገሩ ሲገባት ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ተናደደች።

ቀጠሮዋ ሳይደርስ እናቷን አስከትላ ሄደች። ነርሱን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«አንተ ስትቆጥረኝ ነው እንዴ የሚሮጠው?»

ዓይኗን ማየት አቃተው። «ጠርጥሬ ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን አልጻፍክም?»

«ምን ብዬ? ‹እኔን ስታይ ነው› ብዬ? ማን ነኝና? ባይሆንስ?»

«እኔ እኮ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምሄደው! ያንተ እፍረት መድኃኒት ሆኖ በእኔ ጉሮሮ ይዋጣል እንዴ?»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና አለና የሐኪሟን በር አንኳኩቶ ቀድሟቸው ገባ።

«ዶክተር፣ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱን ግን ደብቄያለሁ። ምክንያቱ እኔ ነኝ። እኔም እወዳታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይለካት።»

እናቷ ዞር ዞር ብለው ወንበር ፈለጉ።

ሐኪሟ እሱን አስወጥታ፣ ልጅቷን አጋድማ ራሷ ቆጠረች፤ ልቧንም በአልትራሳውንድ አየች። የተበላሸው በር እንደነበረው ነው፤ አልባሰበትም። ምቱም ረጋ ያለ ነው፣ እንዲያውም በመድኃኒቱ ዘግይቷል። ሁሉን ከነምክንያቱ መዘገበችና የጨመረችውን ቀነሰች።

«ሥራሽን ሥሪ። ክትትሉ እንዳይቋረጥ። ልጅ ባማረሽ ጊዜ ደግሞ ከማርገዝሽ በፊት መጥተሽ እንመካከራለን።»

«ልጅ አሉ እንዴ ዶክተር?» አሉ እናቷ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ ከአልጋው እየወረደች፣ «ይኼን ልብ እሷም ሰማችው፣ እሱም ሰማው፣ አንቺም ስትሰሚው ኖርሽ። አሁን እኔ ልስማው። ቻለም አልቻለም ኑሮዬን ተኝቼ አልጠብቅም። አገባዋለሁ።»

«ብትወድቂስ?»

«ብወድቅ ያነሣኛል። ነርስ አይደል?»

ሐኪሟ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። እናቷ ግን አልሳቁም። እስከ ግቢው በር እያጉረመረሙ ሄዱ፤ ነርሱም እንደ ጥፋተኛ ከኋላ ከኋላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ እናቷ ድንገት ቆሙና ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ለመሆኑ የሰርጉን ልብስ ማን ሊሰፋው ነው?»

«እኔ ነኛ!»