ሰንጋው ማነው?

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም... እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ አልቀመስኩም።

ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ዘነበ ቤት።

ጋሽ ዘነበ የሕግ ባለሙያ ናቸው። የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ረቂቅ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያሠሩ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በላፕቶፔ እጽፋለሁ።

ማሽኑ የሰው አገር ሕግ እየገለበጠ ሲያስቸግራቸው፣ የእኛን ቅርጫ አስረዳው አሉኝ። ጎረቤት አዋጥቶ ሰንጋ እንደሚያርድ፣ ሥጋው እኩል እንደሚመደብ፣ ሁሉም ከኪሱ ዕቃ አውጥቶ ዕጣ እንደሚጥል... ማንም ቅር እንደማይለው። ሥልጣንም እንዲህ ይከፋፈል ለማለት ነው።

ጻፍኩ።

ማሽኑ "ገብቶኛል። ሰንጋው ማነው?" ብሎ መለሰ።

ጋሽ ዘነበ ሳቁ። "እኔ ነኝ በለው። ዕድሜዬን በሙሉ ሲበሉኝ አይደል የኖሩት።"

እሱንም ጻፍኩ።

ወዲያው ከግቢው ቢላ ሲሳል ተሰማ...

በጾም ቀን?

በመስኮት አየሁ። የጋራ ማረጃው ተከፍቷል። ቅጠል ተነጥፏል። ጎረቤቱ ሳህን ይዞ ተሰልፏል። ነጅማና አቶ ገብረጊዮርጊስ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሙስሊምና ክርስቲያን ለአንድ ሥጋ ሲሰለፉ አይቼ አላውቅም።

የታሰረ በሬ ግን የለም።

ሁሉም ቀና ብለው የእኛን መስኮት ያያሉ...

"አጥፋው" አሉኝ ጋሽ ዘነበ በሹክሹክታ። "ያልኩትን አጥፋው።"

"እምቢ አለ ጋሼ... ጸድቋል ይላል።"

በሩ ተንኳኳ። የፎቃችን ልጅ ብሩኽ ነው፣ ገመድና መዶሻ ይዟል። ከኋላው ወንዶች አሉ።

"ደህና ዋሉ ጋሼ? ይቅርታ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ፊታቸውን በመዶሻ መታቸው።

ደም ግድግዳው ላይ ተረጨ። እግራቸውን አስረው ጎተቷቸው። ብሩኽ እስክሪብቶዬን ከጠረጴዛው አነሳ።

"የአንተን ዕጣ እኔ ልጣልልህ" አለኝ በትሕትና።

ጭንቅላታቸው በየደረጃው ሲመታ ይሰማኛል። እኔ አጠፋለሁ፣ ጽሑፉ ይመለሳል። አጠፋለሁ... ይመለሳል።

ከታች አንድ ጩኸት ተሰማ። መሐል ላይ ተቆረጠ።

ከዚያ መጥረቢያ... አጥንት ላይ።

ሲመሽ ግቢው ታጥቧል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ስለ ጋሽ ዘነበ የጠየቅኳቸው ሁሉ "ማን?" አሉኝ።

ላፕቶፔን ልወስድ ወደ ቤታቸው ተመለስኩ። የበሩ እጀታ ላይ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል። እስክሪብቶዬ ቋጠሮው ላይ ተሰክቷል።

ነካሁት። ይሞቃል።

ከውስጡ፣ በሹክሹክታ...

"አጥፋው።"